ሰባ ስምንቱን ማን ጠየቃቸው?

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ዘጌ የወረደ ሰው፣ በቡናው ጫካ መካከል ያለውን የእግር መንገድ ጨርሶ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሲደርስ፣ መቅደሱን ዙሪያውን ከሸፈኑት ሥዕሎች መካከል አንዱ ያስቆመዋል፤ የበላዔ ሰብእ ሥዕል። ታሪኩን በልጅነቱ ያልሰማ የጎጃም ሰው ጥቂት ነው። ዘመዶቹን ሳይቀር ሰባ ስምንት ሰው የበላ፣ ውኃ የጠማው ቁስለኛ ድኃ ስለ እግዚአብሔር ቢለው እምቢ፣ ስለ ጻድቃን ስለ ሰማዕታት ቢለው እምቢ ያለ፣ ስለ ማርያም ሲለው ግን ልቡ ራርቶ ጥርኝ ውኃ የሰጠ ሰው ነው። ሞቶ ለፍርድ ሲቀርብ ሰባ ስምንቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኟ ውኃ በሌላው ወገን በሚዛን ተቀመጡ። የእመቤታችን ጥላ ውኃዋ ላይ አረፈ፤ ውኃዋ መዘነች፤ በላዔ ሰብእ ተማረ።

በዚህ ሐይቅ ዳርቻ ያደገ ሰው ምሕረትን የሚማረው እንዲህ ካለ ታሪክ ነው። ስለዚህ አበረታች መድኃኒት ወስዶ የተቀጣ ሯጭ ይቅር ይባል ወይ፣ ቅጣቱን ሲጨርስስ ወደ ቀድሞ ዝናው ይመለስ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ከአፋችን ሩቅ አይደለም። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ከተማረ፣ መርፌ የተወጋ ሯጭ ምን ይከለክለዋል? እኔም ምሕረቱን አልከለክልም። የምሟገተው ምሕረቱን ተከትሎ ሊገባ ስለሚሞክረው ዘውድ ነው። መነሻዬም እዚያው ሥዕል ላይ ያሉ፣ ግን ማንም የማይጠይቅላቸው ሰዎች ናቸው። ሰባ ስምንቱስ? ሚዛኑ ላይ አሉ፤ ያሉት ግን እንደ ክብደት ነው። ይቅር ትሉታላችሁ ወይ ያላቸው የለም። ፈጣሪ ይህን ማድረግ ይቻለዋል፤ የተበሉትም በእጁ ናቸው፣ የጎደለባቸውን የሚሞላበት መንግሥትም አለው። እኛ፣ ቴሌቪዥን ፊትም ሆነ የፌዴሬሽን ወንበር ላይ የተቀመጥን ሰዎች፣ ይህ ሥልጣን የለንም። ያልተሰረቅነውን ይቅር ብለናል ማለት አንችልም።

እስቲ አንድ ውድድር እንይ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በነሐሴ 2012 በለንደን ኦሊምፒክ የሴቶች 1500 ሜትር ፍጻሜ ሁለቱ ቱርካውያን አስሊ ቻኪር አልፕቴኪን እና ጋምዜ ቡሉት ተከታትለው አንደኛና ሁለተኛ ገቡ። ሦስተኛዋ በአርሲ ተወልዳ ለባሕሬን የምትሮጠው ማርያም ዩሱፍ ጀማል፣ አራተኛዋ ሩሲያዊቷ ታቲያና ቶማሾቫ ነበሩ። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የለበሰችው የአዲግራቷ ልጅ አበባ አረጋዊ አምስተኛ ሆና ገባች። ያን ቀን አበባን ያየ ሰው ለሜዳሊያ ያልበቃች ሯጭ አየ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። አልፕቴኪን ወርቋን ተነጠቀች፤ ቡሉት ብሯን ተነጠቀች፤ በ2024 ደግሞ የቶማሾቫ ውጤት ተሰረዘ። አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ ማርያም አንደኛ፣ አበባ ሁለተኛ ሆኑ። ያን ፍጻሜ በእውነተኛው ቅደም ተከተል አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሁለቱም የኢትዮጵያ አፈር የወለዳቸው ሴቶች ነበሩ፤ ዓለም ግን በዚያች ሌሊት የዘመረው ለሌላ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። አልፕቴኪን ገና በወጣትነቷ በ2004 በአበረታች መድኃኒት ተይዛ ሁለት ዓመት ታግዳ ነበር። ቶማሾቫም በ2008 ከሌሎች ሩሲያውያን ጋር የሽንት ናሙና በመለዋወጥ ተቀጥታ የእገዳ ጊዜዋን ጨርሳለች። ለንደን ላይ አበባን ከቀደሙት አራት ሴቶች ሁለቱ፣ እንግዲህ፣ ይቅርታ ተደርጎላቸው የተመለሱ ናቸው። ይቅርታው ነጻ ስጦታ መስሎን ነበር፤ ሒሳቡን የከፈለችው ግን አምስተኛ የገባችው ልጅ ነች። አልፕቴኪን ከዚያም በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ተገኝታ በ2017 የዕድሜ ልክ እገዳ ተጣለባት።

የተሰረቀው ምን እንደሆነ መናገርም ይገባል። ሜዳሊያው ቆይቶ ሊላክ ይችላል። ባንዲራ ለብሶ ሜዳውን መዞር ግን አይላክም። ቦሌ ላይ በአበባ መቀበል፣ በዚያው ሳምንት ከጫማ ኩባንያ የሚመጣው ውል፣ ለቀጣዩ ውድድር የሚከፈለው የተሳትፎ ገንዘብ፣ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ስር የተሰበሰበ ቤተሰብ እልልታ፣ እነዚህ ቀናቸው አንድ ነው። የሯጭ ዕድሜ አጭር ነው፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣ ብር የሚያገኘው ሩጫ ያቆመች ሴትን ነው።

የአበባ ታሪክ ግን እዚህ አያበቃም፤ ፍርዴን ቀላል እንዳይሆን የሚያደርገውም ይህ ቀሪው ክፍል ነው። በዚያው በ2012 መጨረሻ ለስዊድን መሮጥ ጀመረች፤ በ2013 ሞስኮ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ሆነች። በ2016 መጀመሪያ ደግሞ ሜልዶኒየም የተባለው መድኃኒት ተገኘባትና ታገደች። ሜልዶኒየም የተከለከለው ከዚያው ዓመት ከጥር 1 ጀምሮ ነው። ከሰውነት ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ቆይቶ እንደሚወጣ በውል ስላልታወቀ፣ ከክልከላው በፊት የተወሰደ ሊሆን ይችላል ተብሎ በሐምሌ እገዳው ተነሣላት። ሆኖም ወደ ቀድሞ ከፍታዋ አልተመለሰችም። የተሰረቀችውም የተጠረጠረችውም አንዲት ሴት ናት። በዚያው መድኃኒት በዚያው ዓመት የተያዘችው የቴኒስ ተጫዋቿ ማሪያ ሻራፖቫ መድኃኒቱን መውሰዷን ራሷ አምና፣ ሁለት ዓመት የነበረው ቅጣቷ ወደ አሥራ አምስት ወር ተቀንሶላት፣ በሚያዝያ 2017 ሽቱትጋርት ላይ በልዩ ግብዣ ወደ ሜዳ ተመለሰች። ደረጃ አልነበራትም፤ ትኬት ግን ታሸጣለች። ገበያው የሚምረው የሚያተርፈውን ነው። የአዲግራቷን ልጅ ማንም በልዩ ግብዣ አልጠራትም። ስለዚህ «ይቅርታ ይገባቸዋል» የሚል ድምፅ ስሰማ አስቀድሜ የምጠይቀው ለማን እንደተጠየቀ ነው፤ ለሚሸጥ ስም ብቻ የሚጠየቅ ይቅርታ የንግድ ሥራ ነውና።

ወደ ቤታችን ጠጋ ስንል ነገሩ ይበልጥ ያማል። ኤልቫን አበይለገሰ አዲስ አበባ ተወልዳ ለቱርክ የሮጠች፣ በ2004 የ5000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረች ድንቅ ሯጭ ነበረች። በ2007 የሰጠችው ናሙና ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲመረመር የተከለከለ ነገር ተገኘበትና በ2017 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ሁለት የብር ሜዳሊያዎቿን ተነጠቀች። በቤጂንግ 5000 ሜትር ጥሩነሽ ዲባባ አንደኛ፣ ኤልቫን ሁለተኛ፣ መሠረት ደፋር ሦስተኛ ሆነው መድረኩ ላይ ቆመው ነበር። ሦስት ኢትዮጵያ የወለደቻቸው ሴቶች ናቸው። መሠረት ብሯን ያገኘችው ዘጠኝ ዓመት ዘግይታ ነው። በ2023 ቶኪዮ ማራቶን ሁለተኛ የገባችው ፀሐይ ገመቹ ደግሞ በደም መዝገቧ ላይ በታየው መዛባት ምክንያት የአራት ዓመት እገዳ ተጣለባት፤ የዚያ ማራቶን ውጤቷም ተሰረዘ። ከኋላዋ ሦስተኛና አራተኛ ሆነው የገቡት አሸቴ በከሬ እና ወርቅነሽ ኢደሳ ናቸው።

ልብ በሉ፤ «ልጃችን ናት፣ እንማራት» ስንል የተቀማችውም ልጃችን ናት። አንድ አውሮፕላን ይሳፈራሉ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሆቴል ያድራሉ፣ በእንጦጦና በሰንዳፋ መንገድ ማለዳ ይተላለፋሉ። አንዷን ለማቀፍ ስንሮጥ ሌላዋን የምንረግጣት በዚህ ነው።

አገራችን ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሥርዓት ያጣች አይደለችም። በጎጃም የሽምግልና ወግ በዳይ መጀመሪያ ያምናል፤ ከዚያ ካሳ ይቆረጥበታል፤ እርቁ የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። ተበዳይ ባልተቀመጠበት የተጨበጠ እጅ እርቅ አይባልም። ሽማግሌ ተበዳይን ይለምናል እንጂ በተበዳይ ፈንታ አይምርም። የዓለም የፀረ ዶፒንግ ሕግም የዚህን ሽራፊ ይዟል፤ ከ2021 ጀምሮ ባለው ደንብ ክሱ በደረሰው በሃያ ቀን ውስጥ ያመነና ቅጣቱን የተቀበለ አትሌት አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ከሚሆን ቅጣቱ አንድ ዓመት ይቀነስለታል፤ የሽልማት ገንዘብም ይነጠቃል። የጎደለው ተበዳይዋ ናት። በዚህ ሁሉ ሂደት አራተኛ የገባችው ሴት ወንበር የላትም። በዳይዋ ስታምን የምትነግረው ለቢሮ ነው። ለአሸቴ ስልክ የሚደውል፣ ደጇ ድረስ ሽማግሌ ይዞ የሚሄድ ደንብ የለም። ይህን ግን ደንብ ባያዝም ባህላችን ያዛል፤ አንድ የተቀጣ ሯጭ ይህን አድርጎ ከተመለሰ፣ ከማንም ቀድሜ ይቅር የምለው እኔ ነኝ።

ከይቅርታው በኋላስ? እዚህ ላይ ከቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የምማረው ትልቅ ነገር አለ። ከሚስቱ ውጭ የሄደ ቄስ ክህነቱ ይፈርሳል። ንስሐ ይገባል፤ ነፍስ አባቱ ቀኖና ይሰጡታል፤ ቀኖናውን ፈጽሞ ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። ተምሯል፤ ከማንም ምእመን አያንስም። ወደ መቅደስ ገብቶ ግን ዳግም አይቀድስም። ይህን ጭካኔ ነው የሚል ሰው ቅኔ ማኅሌቱን ይመልከት፤ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ሌሊቱን ከሚያቆሙት፣ ለደቀ መዛሙርት ዜማና ቅኔ ከሚያስተምሩት መካከል ክህነት የሌላቸው ብዙ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን አልጣለቻቸውም። ድምፃቸውን፣ እውቀታቸውን፣ ሕይወታቸውን ተቀብላለች፤ አንዱን በር ብቻ ዘግታለች። ምሕረትና ሹመት በሁለት እጅ የሚሰጡ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ሥርዓት አላውቅም።

እርግጥ የስፖርት ሕግ ከዚህ ለዘብ ይላል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ከስድስት ወር በላይ የታገደ አትሌት ቀጣዩን ኦሊምፒክ እንዳይሮጥ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ በ2011 ሻረው። ብሪታንያ የተቀጡ አትሌቶቿን ለዕድሜ ልክ ከኦሊምፒክ የምታግድበትን ደንብም በ2012 ሻረው። አንድ ሰው ለአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አይቀጣም ነው ነገሩ፤ ይህን እቀበላለሁ። ቅጣቱን የጨረሰ ይሩጥ፤ እንጀራው ነው። አሯሯጭ ይሁን፣ ያሠልጥን፣ ሰዓቱ ከበቃም ብሔራዊ ቡድን ይግባ። ነገር ግን የጀግና አቀባበል፣ የአደባባይ ትልቅ ሥዕል፣ በስም የሚሰየም መንገድ፣ የልጆች አርአያ ተብሎ ትምህርት ቤት መዞር ማንም ፍርድ ቤት ሊያዘው የሚችል መብት አይደለም። ክብር የሕዝብ ስጦታ ነው። ስጦታን መከልከል ቅጣት አይባልም፤ በተለይም ስጦታው ገና ላልተሰጣት ሴት ተቀምጦ ሲጠብቅ።

ለጥንቃቄዬ ሌላም ምክንያት አለኝ። የእገዳ ጊዜ ሲያልቅ ሯጩ ከዜሮ ይጀምራል ብለን እናስባለን። በ2013 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቴስቶስትሮን የተሰጣቸው አይጦች ጡንቻ መድኃኒቱ ከተቋረጠ ከወራት በኋላም የገነባቸውን የሕዋስ እምብርቶች ይዞ እንደቆየና እንደገና ሲሠራ ከሌሎቹ ፈጥኖ እንዳደገ አሳይተዋል። በሰው ላይ የተረጋገጠ ፍርድ አድርጌ አላቀርበውም፤ አይጥ አይጥ ነው። ጥያቄውን ግን ያነሣል፤ ነፍስ ንስሐ ገብታ ጡንቻ ያልገባ እንደሆነ ከአጠገቧ የምትሮጠዋ ሴት ምን ታድርግ?

አንድ ቁጣዬን ግን ሳልናገር አላልፍም። ኢፒኦ የተባለው መድኃኒት የተሠራው ለኩላሊት ሕሙማን ነው። ቀይ የደም ሕዋስን ያበዛል፤ ተፈጥሮ ለከፍታ ሰው በአየር መሳሳት የሰጠችውን በመርፌ ይኮርጃል። ከገጠር የመጣች፣ ከሰባተኛ ወይም ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ይህን ብቻዋን አላወቀችውም፤ ስሙን የነገራት፣ የገዛላት፣ የወጋት፣ መቼ ማቆም እንዳለባት የቆጠረላት ሰው አለ። ደንቡ ሰውነትሽ ውስጥ ለተገኘው ሁሉ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ ይላል፤ ለውድድሩ ንጽሕና ሲባል ሌላ መንገድ ላይኖር ይችላል። ነገር ግን ስሟ በዓለም ሲናኝ የወጋት ሰው ሌላ ልጅ እየፈለገ ነው። በጎጃም ድሮ ሌባ ሲጠፋ አገሬው በአውጫጭኝ ተቀምጦ የሚያውቀውን ሁሉ እስኪያወጣ አይነሣም ነበር። የተቀጣች ሯጭ ልታደርገው የምትችለው ትልቁ ካሳ ይህ ይመስለኛል፤ ያቀበላትን ሰው ስም አውጥታ መናገር። ይህን የምታደርግ ሴት ከማንኛውም ሜዳሊያ የበለጠ አገር ታገለግላለች፤ የሚያስፈልጋትን ጥበቃ ሁሉ ልንሰጣት ይገባል።

የዘውዱና የምሕረቱ መደባለቅ በተቃራኒው አቅጣጫም ያሳስታል። ሻምበል ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ሻምበል አበበ ቢቂላ አቋርጠው ሲወጡ ማራቶኑን አሸንፈው የኢትዮጵያን ሦስተኛ ተከታታይ ወርቅ አመጡ፤ በ1972 ሙኒክ ላይ በአርባ ዓመታቸው ነሐስ ጨመሩ። በኋላ በቀይ ሽብር ዘመን በአንድ ታዳጊ ልጅ ግድያ ተሳትፈዋል ተብለው ተከሰሱ፤ እሳቸው ክሱን ክደው ተገደው እንደነበር ይናገሩ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ታስረው ከቆዩ በኋላ በ2002 መጀመሪያ ጥፋተኛ ተብለው ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ የታሰሩበት ጊዜ ከፍርዱ ስለበለጠ ተለቀቁ። በግንቦት ወር አረፉ፤ አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ተቀበሩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያዊና የውጭ አገር ሰው ይፈቱ ብሎ ጮኋል። ያለ ፍርድ ለረጅም ዓመታት መታሰራቸው በደል ነበር፤ ለዚህ መጮህ ተገቢ ነው። «የሜክሲኮ ጀግና ስለሆኑ ይፈቱ» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። የሜክሲኮው ወርቅ ማንም ሳይሰረቅበት የተገኘ ነው፤ ዛሬም የማሞ ነው፣ እስር ቤት ሊነጥቀው አይችልም። የዚያን ልጅ ነገር ደግሞ ወርቅ ሊዘጋው አይችልም፤ ይቅር የሚሉት የልጁ ወገኖች ናቸው። ሁለቱን ለየብቻ የያዘ ሰው ማሞን በሙሉ ልቡ ያከብራል፤ ለልጁም በሙሉ ልቡ ያለቅሳል።

በፓሪስ ኦሊምፒክ፣ በነሐሴ 2024፣ ቀደም ባሉ ውድድሮች ሜዳሊያቸውን የተቀሙ አትሌቶች ሕዝብ በተሰበሰበበት አደባባይ ሜዳሊያቸው በአንገታቸው ተጠለቀ፤ አሜሪካዊቷ ላሺንዳ ዴመስ የለንደን 2012 የ400 ሜትር መሰናክል ወርቋን የወሰደችው እዚያ ነው። እኛም እንዲህ እናድርግ። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን በዓመት አንድ ቀን ይምረጥ፤ ባሕር ዳር ስታዲየምም ደጁን ይክፈት። መሠረት ደፋርን፣ በለንደን 3000 ሜትር መሰናክል ሩሲያዊቷ ዩሊያ ዛሪፖቫ ስትሰረዝ ነሐሷ ወደ ብር ያደገላትን ሶፊያ አሰፋን፣ አሸቴንና ወርቅነሽን በሕዝብ ፊት ስማቸውን ጥሩ፣ መዝሙሩንም ዘምሩ። የተቀጡትም በፈቃዳቸው መጥተው፣ ከእነርሱ ፊት ቆመው ይቅርታ ይጠይቁ። ከሜዳሊያ ውጭ የቀሩትንም አትርሱ። በዚያ በዛሪፖቫ ውድድር አምስተኛ ተብላ የተመዘገበችው የጎጃሟ ልጅ ሕይወት አያሌው ነበረች። ለአራተኛ ሜዳሊያ አይሰጥም፤ ሕይወት አያሌው ግን የለንደን ኦሊምፒክ አራተኛ ናት።